በአንድ ጥንድ ጫማ የከበደ ፍርድ

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አንዲት ጓደኛዬን ከቤቷ አስወጥቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ባጭሩ ሲነገር የሌላ ሰው ጥፋት ይመስላል። እኔ ግን ባጭሩም በረጅሙም ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ከመንግሥት የመጣ አንድ ፖስታ በቤቴ በር ቀዳዳ ገብቶ «ነይና ፍረጂ» አለኝ፤ ሄጄ ፈረድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ ቅጣት ትንሽ እናውራ። ልጅ ሆናችሁ ብርጭቆ ሰብራችሁ ታውቃላችሁ። እናት ትመጣለች፤ አንድ ኩርኩም ታቀምሳለች። ይቺኛዋ የብርጭቆው ናት፤ ብርጭቆው ተሰብሯል፣ የሰበርነውም እኛ ነን፣ ክርክር የለውም። ቀጥሎ ግን «ደግሞ ትስቂያለሽ!» ትልና ሁለተኛውን ትደግማለች። አልሳቅንም እኮ። ፊታችን አፈጣጠሩ እንደዚያ ሆኖ ነው። ታዲያ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቆጠቁጠን የትኛው ነው? የመጀመሪያውማ ከብርጭቆው ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። ሰው ለሠራው ጥፋት መቀጣትን ይችላል። የማይችለው ምራቂውን ነው። ጥፋትን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፤ ምራቂው ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ለመቺው ብቻ ነው።

ቤታችን ለንደን ውስጥ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ነበር። ስድስት ሴቶች፣ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ሙቅ ውኃ። አራታችን ሙስሊሞች፣ ሁለታችን ክርስቲያኖች ነበርን፤ አብዛኞቻችን ሂትሮው አየር ማረፊያ ነበር የምንሠራው፤ የሚያጸዳው ያጸዳል፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚያሽገው ያሽጋል። ባቡሩ ከሰፈራችን ተነሥቶ ሳይቀየር እዚያው ያደርሳል፤ በፈረቃ ስለምንሠራ አንዳችን ስትመለስ ሌላዋ ትወጣለች፤ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተገናኝተን ጃንጥላ የምንቀባበልበት ቀን ብዙ ነው። አሁን የምኖርበት ቤት ሙቅ ውኃው አያልቅም። በሩን የሚደበድብ፣ «አንቺ፣ ሰው እኮ ነን!» የሚል የለም። ውኃው ይወርዳል፣ እኔም እስክጠግብ እቆማለሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ እንደዚያን ጊዜው አያሞቅም።

የቤቱ አስተዳዳሪ ከስድስታችን ታላቋ እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የደሴ ሴት ናቸው፤ ያኔ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ለነበርነው ለእኛ ግን የዓለም ታላቅ ነበሩ። እሳቸው ባሉበት ቤት ስድስት ሴቶች ያለ ጠብ መኖር ቻሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጠብማ ነበር። ግን ቀን ነበረው። እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ሻይ ተፈልቶ፣ ሳምቡሳው መሀል ቁጭ ብሎ፣ ሸንጎ እንቀመጣለን። የጾም ድስት ላይ ቅቤ ያቀለጠች፣ የሰው ሻምፑ የጨረሰች፣ ቆሻሻ ማውጣት ተራዋን የዘለለች ትቀርባለች።

ሥርዓቱ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። እትዬ አባታቸው የአገር ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ድሮ ዛፍ ሥር እንደሚደረገው ፍርድ ከትንሿ ይጀመር ነበር። ትንሿ እኔ ነኝ። ታላላቆቼን ሰምቼ እንዳልፈራ መጀመሪያ እኔ «አጥፍታለች» ወይም «አላጠፋችም» እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ እየተባለ ይሄዳል። ጥፋቱን የምንወስነው ሁላችን ነን። ቅጣቱን የሚቆርጡት ግን እትዬ ብቻ ናቸው። ቅጣቱም የታወቀ ነው፤ ሁለት ሳምንት መታጠቢያ ቤት ማጽዳት። ማንም ሰው ከዚያ በላይ ሲቀጣ አላየንም።

ሐያትን እዚያ ነው ያወቅኋት። የጅማ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ ደረጃውን ይወርዳል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስለመጣሁና የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የምሞላው እኔ ስለሆንኩ «ጠበቃ» ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። «ጠበቃ፣ ይቺን ወረቀት እስቲ አፕላይ አድርጊልኝ» ትልና፣ ሳልጨርስ ሳህን ሙሉ ምግብ ከፊቴ ታስቀምጣለች። ያላትን ለሰው ካልሰጠች እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሰው ነበረች። ከስድስታችን ብቻዋን ክፍል የነበራትም እሷ ናት። ላይኛው ፎቅ፣ ጠባብ፣ ግን መስኮት ያለው። መስኮቱ የባቡር ሐዲዱን ያሳያል። እኔ ከታች፣ በእንቅልፏ ከአለቃዋ ጋር ከምትጨቃጨቅ ሴት ጋር ነበር የምተኛው። ያንን መስኮት ምን ያህል እመኘው እንደነበር አሁን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ለነገሩ አስፈላጊ ነው።

ቤቱ አንድ ከባድ ሕግ ነበረው፤ ለሁላችን ሳይነገር እንግዳ አያድርም። የተከራየነው በስድስት ስም ነው፤ ባለቤቱ ሰባተኛ ሰው ቢያገኝ ስድስታችንም ሜዳ ላይ ነን። ሌላም ልማድ ነበረን፤ ጫማ መግቢያው ላይ ይወልቃል። ማን አለች፣ ማን ወጥታለች የሚባለው በጫማ ነው። የእያንዳንዳችንን ጫማ ከነአረጋገጡ እናውቀው ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ክረምት ነው፣ ከፈረቃ ተመልሼ ፎጣዬን ላመጣ ወደ ላይ ወጣሁ። የሐያት ክፍል በር ላይ፣ ከደረጃው ጫፍ፣ ጫማ ቆሟል። ታች መሆን የነበረበት ጫማ እዚህ ፎቅ ላይ ቆሟል። ጥቁር፣ አፍንጫው ብረት ያለበት የሥራ ቦቲ፤ ጀልባ የሚያክል። የወንድ ጫማ! ከውስጥ የሐያት ሳቅ ይሰማል። የሌላ ሰው ድምፅ አልሰማሁም። አላንኳኳሁም። ሰው አላየሁም። ጫማ ነው ያየሁት።

በዚያው ሳምንት ሌሎቹም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰባተኛ የጥርስ ብሩሽ አገኙ። እሁድ ሸንጎው ተቀመጠ። ሐያት አላስቸገረችንም።

«አዎ» አለች። «ሦስት ቀን እንግዳ አሳድሬያለሁ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ሸኝቻለሁ፣ አልቋል። የእንግዳዬን ማንነት ግን አትጠይቁኝ፤ የሰው ገመና ነው።»

ከእኔ ተጀምሮ ወደ ላይ ተባለ። አጥፍታለች። ሁላችንም አልን፤ እሷ ራሷ ብላለች። አንዷማ «በይ እንግዲህ፣ መጥረጊያው ናፍቆሻል» ብላ ተረበቻት፤ ሐያትም «ከአንቺ ፀጉር በቀር እዚያ መታጠቢያ ቤት ምን የሚጠረግ አለ?» ብላ መለሰችላት። ተሳሳቅን። የሁለት ሳምንቷን ቅጣት ከወዲሁ ተቀብላ ሳምቡሳ ታነሣለች።

የዐስር ሰላት ደርሶ ስለነበር እትዬ ቅጣቱን ሳይናገሩ ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓዳ ገቡ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ? እኔ ማንም ሳይጠራኝ ተከትያቸው ገባሁ።

«እትዬ» አልኩ ዝቅ ብዬ። «እንግዳው ወንድ ነው።»

እጃቸውን ከውኃው ሥር አወጡ። «አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

አያችሁ፣ ነገሩ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። «ጫማ አይቻለሁ» ብል ኖሮ፣ «የማን ጫማ?» ይሉኝ ነበር፤ ሴትየዋ ብልህ ናቸው። ግን «አይቻለሁ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ፤ ለቤቱ ክብር፣ ለሃይማኖት፣ ለእሷው ለሐያት። አንዱም ምክንያት መስኮት የለውም። እውነተኛው ግን ነበረው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትነግሪ። የሰው ልጅ ስም ነው። ሸንጎ ላይ የሚነሣ ነገር አይደለም።» ይህን ያሉት ከልባቸው አዝነው ነው። ክፋት አልነበረባቸውም። እኛ አገር ደግ ሰው የሚባለው የሰውን ገመና የሚሸፍን ነው፤ እሳቸውም ሸፈኑላት። ሲሸፍኑላት ግን አፏም አብሮ ተሸፈነ።

ሰግደው ወጡና ተቀመጡ። «ሐያት» አሉ፣ «ቁልፉን እስከ ጁምዓ ትመልሻለሽ።»

አንድም ሰው ሳምቡሳ አላነሣም። ሐያት ቀልድ መስሏት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊታቸውን አየች።

«እትዬ... ለአንድ እንግዳ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ክሱም፣ ማስረጃውም፣ ፍርዱም «አንቺ ታውቂዋለሽ» ሆነ። ከቀሩት ሦስት ሴቶች አንዳቸውም «ምኑን?» ብለው አልጠየቁም፤ ታላቅን መጠየቅ ነውር ነው። ድሮ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ፣ አንድ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው እጅ እዚያው ይቆም ነበር አሉ። እኛ ቤት ያንን የሚል አላፊ አግዳሚ አልነበረም። ሐያት ራሷን ነቀነቀች፤ ዞር ዞር አለችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ጠበቃ፣ አንቺስ ምንም አትዪም?»

ሻዬ ውስጥ የቅርንፉድ ፍሬ ነበረች። እሷን አጠናሁ።

ሐሙስ ዕለት፣ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ፣ ሄደች። ከመሄዷ በፊት መታጠቢያ ቤቱን ብልጭ እስኪል አጽድታው ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ቅዳሜ የባቡር ሐዲዱ በሚታይበት ክፍል ተኛሁ። ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ባቡሩ ይጮኻል። መስኮቱም ብርድ ያስገባል።

ዓመታት አለፉ። ቤቱ ተበተነ፤ እትዬ አገራቸው ገብተው አረፉ፤ እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የመምህር ረዳት ሆንኩ። ከዚያ ያ ፖስታ መጣ። ጁሪ ሰርቪስ፣ ተራ ዜጎች ፍርድ ቤት ተጠርተው የሚፈርዱበት ግዳጅ። አሥራ ሁለት ከመንገድ የተሰበሰብን ሰዎች፤ ማንም ማንንም አያውቅም። ቁርአን ይዤ ማልኩ። ለብቻችን በመከርንበት ክፍል ውስጥ የተባባልነውን መናገር ሕግ ይከለክላል፤ ስለዚህ ስለ ብስኩቱ ብቻ እነግራችኋለሁ። መናኛ ነበር።

የተከሰሰው አንድ ጎልማሳ፣ ሱቅ ሰብሮ ገብቶ ስልኮች ወስዷል ተብሎ ነው። ሰብሯል ወይስ አልሰበረም፤ የተጠየቅነው ይህንን ነው። ሰብሯል አልን። ሥራችን አለቀ፣ ተመስግነን ተሸኘን። ቅጣቱ የሚነገርበት ቀን ሌላ ነው፤ መሄድ ግዴታ የለብኝም። ግን ሄድኩ፤ ሕዝብ በሚቀመጥበት ወንበር ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዐቃቤ ሕጉ ሰውየው ነገሩን ለሳምንታት ያቀደው ራሱ ነው፣ ሌሎችንም ያሰማራው እሱ ነው አለ። ጠበቃው ተነሥቶ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ሁለቱንም ሰምተው፣ ዊጋቸውን ቀና አድርገው «ያቀድከው አንተ መሆንህን እርግጠኛ ነኝ» አሉና ለዚያ ብለው እስራቱን አረዘሙት።

ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ማቀዱን ማን ጠየቀን? አሥራ ሁለት ሰው ቀናት ሙሉ ተቀምጦ የበሩን መስበር ሲመዝን፣ ከበሩ የከበደውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን መዘነው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ያንን አነቃነቅ የት እንዳየሁት ወዲያው ትዝ አለኝ።

ልጄ ሊና ሕግ ትማራለች፤ ለንደን የተወለደች ናት፣ አማርኛዋ እንደ ሰሞኑ የአየር ጠባይ ነው፣ ድንገት ይቀየራል። ቤት ስገባ ጠየቅኋት።

«ማሚ፣ ኢትስ ኖርማል» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሣ። «ጁሪው ጊልቲ ነው ወይም አይደለም ይላል። ከዚያ ቅጣቱን የሚያከብደውን ነገር ዳኛው ነው የሚያየው። አሜሪካ ቢሆን ይለያል። እዚያ ከሕጉ ጣሪያ በላይ የሚያስቀጣ ነገር ከሆነ፣ እሱንም ጁሪው ነው መወሰን ያለበት። ራይት ነው፣ መብት።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ዲፔንድስ፣ እንደ ሁኔታው ነው። ፕሮፌሰራችን እዚህም ጥሩ ነው ይላል። ምክንያቱም ሰውየው ይሰማል፣ ጠበቃው ይመልሳል፣ ዳኛዋም ምክንያቷን ጮክ ብላ ትናገራለች።» ከዚያ ሳቅ አለች። «ያልተነገረውን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ ይመልሳል? ዛት ዉድ ቢ ክሬዚ።»

እውነቷን ነው። እብደት ነው። ወጥ ላማስል ተነሣሁ፤ ወጥ ግን አልጣድኩም ነበር።

ሐያትን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰርግ ላይ ያገኘኋት የጓደኛ ጓደኛ ስልኳን ሰጠችኝ። ኬኒንግተን ነው የምትኖረው፣ እንደ ቀበሌ ቤት ያለ የካውንስል ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። ባቡር ውስጥ ሆኜ የምናገረውን አጠናሁ፤ «ሐያት፣ ያን ጊዜ ለእትዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።» አጭር ነው፣ እንኳን አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ሕፃን ይለዋል። በሯ ላይ ሁለት ቁልፍና አንድ ሰንሰለት አለ። ሦስቱም በየተራ እየተንቋቁ ተከፈቱ።

«ጠበቃዬ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። «ወይኔ፣ ወፍረሻል! ተመስገን፣ ያ አጥንትሽ ሲያስፈራኝ ይኖር ነበር።» ሳቋ ያው ነው፤ ትንሽ ብቻ ቀንሷል።

ሻይ አፈላች። ሙቅ ውኃው፣ ጃንጥላው፣ በእንቅልፏ የምትጨቃጨቀው ሴት፣ ሁሉም ተነሡ። ሳቅን፣ እንባችን እስኪመጣ። ሁለት መኝታ ክፍል አላት። መታጠቢያ ቤት ስሄድ የሁለተኛው በር ክፍት ነበር፤ አልጋ አለ፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው።

«ያ ክፍል የማን ነው?» አልኳት ስመለስ።

«የማንም። እኔ ሰው አላሳድርም።»

«አንቺ?»

«እኔ። ከፊንስበሪ ፓርክ ወዲህ።» ስኳሩን አማሰለች። «ያቺን እንግዳዬን ታስታውሻለሽ? አዎ፣ አላያችኋትም። የዓረብ ቤተሰብ ከባሕረ ሰላጤ ይዟት መጥቶ፣ ከሆቴል ጠፍታ ነው። በዚያ ብርድ በነጠላ ጫማ አገኘኋት፣ ሂትሮው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ትርፍ ቦቲውን ሰጣት፤ እግሯ ውስጡ ሲዋኝ ብታዪ! እንዳይጠፋባት ፈርታ ክፍሌ በር ላይ ነበር የምታቆመው። ሲያስቀን ሰነበተ ያ ጫማ። ስሟን እንዳልነግራችሁ ደግሞ ይፈልጉኛል ብላ አስምላኝ ነበር። አሁን ደህና ናት፣ በርሚንግሃም ሦስት ወልዳለች፤ ለዒድ ትደውላለች።»

እኔ ብርጭቆዬን ይዤ ነበር። ውስጡ ቅርንፉድ አልነበረም፤ የማጠናው ነገር አጣሁ።

«እትዬ ግን ልክ ነበሩ» አለች ሐያት። «አንቺ ታውቂዋለሽ ሲሉኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ዓመት አሰብኩበት። በኋላ ገባኝ። ለአንዲት ልጅ ስል ስድስት ሴት ሜዳ ላይ ልጥል ነበር። በሰው ቤት የሚደረግ ደግነት ሌብነት ነው። ከዚያ ወዲህ ቆረጥኩ። ዓምና የእህቴ ልጅ ለአንድ ሳምንት ላርፍ ብላ መጣች፤ ሆስቴል አስያዝኳት። እህቴ እስካሁን አታናግረኝም። ምን ላድርግ? እትዬን የሚያህል ሰው ለከንቱ አያስወጣኝም።»

ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር እዚህ መነገር ነበረበት። አፌን ከፈትኩ። ብነግራት የምትሰማው ምንድን ነው? ሃያ አምስት ዓመት በሯን ያስዘጋት ጥፋት የተቀጣችበት እንዳልነበረ። የእህቷ ልጅ ሆስቴል ያደረችው፣ ያ ፍራሽ ላስቲኩ ያልወለቀው፣ እኔ መስኮት አምሮኝ እንደሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ መሰከርኩባት ማለት ነው።

ባቡር ውስጥ ለእሷ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት ስል ራሴን አጽናናሁ። ቀጣዩ ጣቢያ፣ ኤለፋንት፣ ሳልደርስ ውሸት መሆኑን አወቅኩ። ያዘንኩት ለራሴ ነው። የሸፈንኩትም የራሴን ገመና ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐያት ደጋግማ ትደውላለች። የጠፋችው ጓደኛዋ ተገኝታላት ደስ ብሏታል፤ በመጪው ቅዳሜም ምሳ ጠርታኛለች። እሄዳለሁ። እነግራታለሁ ብዬ ግን አልምልላችሁም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ይቅርታውን መጠየቅ የሚገባኝ እሷን ነበር፤ እሷን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፣ መናገሩ ደግሞ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ይህን ያህል ድረስ የሰማችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።